ኤልአር-ኤም የተባለ ዕጢ፦ ኮንትራስት ኤምአርአይ የጉበት ካንሰርን ዓይነት እስከምን ድረስ ይለያል?

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ሱሉልታ ላም እያረቡ ነው የሚኖሩት። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ካወቅን ቆይተናል። በቀኝ ጎናቸው ክብደት ሲሰማቸው አልትራሳውንድ ተነሡ፤ በጉበታቸው ቀኝ ክፍል 4.6 ሳ.ሜ. ዕጢ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደን በኮንትራስት ኤምአርአይ አስነሣናቸው። ውጤቱ «ጠርዙ ቀድሞ የሚደምቅ፣ መሐሉ ቆይቶ የሚሞላ፣ ከላዩ ያለው የጉበት ሽፋን ወደ ውስጥ የተሳበ፤ ኤልአር-ኤም፤ በናሙና ቢረጋገጥ» ይላል። ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ 18 ነው። አንድ ሐኪም «ሄፓታይተስ ቢ ስላለባቸው የተለመደው የጉበት ካንሰር ነው፣ ናሙና አያስፈልግም» አሉን። ሌላው ሐኪም ያለ ናሙና ሕክምና አልጀምርም አሉ። ዘመድ አዝማድ ደግሞ ካንሰር መርፌ ከነካው ይበተናል ይላል። ኤምአርአዩ ዓይነቱን ካልለየ ያን ሁሉ ብር ለምን ከፈልን? በውዱ ኮንትራስት ሌላ ቦታ ይደገም? «ኤም» ማለትስ ከሌላ አካል የመጣ ማለት ነው? ላሞቹን የምንመግበው ፋጉሎ አምጥቶባቸው ይሆን?

ምላሽ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። የውጤቱን ቃል እንዳለ ስለጻፉልኝ በቀጥታ መመለስ እችላለሁ። ኤምአርአዩ ገንዘብዎን በከንቱ አልበላም። ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ነግሮዎታል፦ ይህ ዕጢ ካንሰር የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው፤ ግን በሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ላይ የለመድነውን የጉበት ካንሰር መልክ አልያዘም። ስለዚህ በእኔ እምነት ናሙና፣ ማለትም ከዕጢው በመርፌ ትንሽ ቁራጭ፣ ይወሰድ ያሉት ሐኪም ልክ ናቸው። ኤምአርአዩን በሌላ ኮንትራስት መድገም ደግሞ በአባትዎ ሁኔታ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ሊያሳስትም ይችላል። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ፤ ከሐኪሞቹ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ።

ጉበት ደሙን የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ በፖርታል ቬን ይመጣል፤ አንድ አራተኛው ያህል ደግሞ ከልብ በተነሣው በጉበት አርተሪ ይደርሳል። በሁለት ቦይ የሚጠጣ ማሳ ይመስላል፤ ያንደኛው ቦይ ውኃ ቀድሞ ይገባል፣ የሌላኛው ዘግይቶ ግን በብዛት ይመጣል። ኮንትራስቱ፣ ማለትም ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት፣ በክንድ ደም ሥር ሲሰጥ ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ ባለው ጊዜ በአርተሪው በኩል ጉበት ይደርሳል። ከ60 እስከ 80 ሴኮንድ ሲሆን በፖርታሉ የመጣው ጉበቱን ሁሉ ያደምቀዋል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲቆይ ደግሞ መድኃኒቱ ከደም ሥሮች ወጥቶ በሴሎች መካከል ባለው ክፍተት ተሰራጭቶ ይገኛል። ማሽኑ ከመርፌው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በእነዚህ ሦስት ጊዜያት ያነሣል። እኛ ራዲዮሎጂስቶች የዕጢውን ዓይነት የምንገምተው ከአንዱ ምስል ሳይሆን አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይተን ነው፦ ምን ቀድሞ ደመቀ፣ ምን ቶሎ ጠቆረ፣ ምን ዘግይቶ ሞላ።

ከጉበት ሴል የሚነሣው ካንሰር ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ይባላል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኤችሲሲ ይሉታል። በዓለም ላይ ከራሱ ከጉበት ከሚነሡት ካንሰሮች ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ይህ ዕጢ እያደገ ሲሄድ የፖርታሉን ደም ያጣና ለራሱ አዳዲስ አርተሪዎችን ያበጃል። ስለዚህ በአርተሪው ጊዜ፣ የቀረው ጉበት ገና ሳይደምቅ፣ ዕጢው መላ አካሉ ቦግ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጉበቱ የፖርታሉን ደም ሲያገኝና ሲደምቅ፣ ዕጢው ከዚያ ድርሻ ስለሌለው ከአካባቢው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ይህን ዋሽአውት እንለዋለን። ብዙ ጊዜም ዘግይቶ የሚደምቅ ቀጭን ቀለበት ዙሪያውን ይከበዋል፤ ካፕሱል የምንለው እሱን ነው። አንዳንዱ ኤችሲሲ በውስጡ ስብ ይይዛል፤ ኤምአርአይ ስብን ለይቶ የሚያሳይበት የራሱ ዘዴ ስላለው ይህም ተጨማሪ ፍንጭ ይሆናል።

ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መተካቱ) ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት አዋቂ ላይ ይህ መልክ በግልጽ ከታየ፣ ናሙና ሳይወሰድ ኤችሲሲ ነው ብሎ ሕክምና መጀመር ይፈቀዳል። በካንሰር ሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ ብርቅ ነው፤ የጡት ወይም የአንጀት ካንሰርን በምስል ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚጀምር ሐኪም የለም። የመጀመሪያው ሐኪም ናሙና አያስፈልግም ያሉት ከዚህ ደንብ ተነሥተው ይመስለኛል። ደንቡ እውነት ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፦ የታመመ ጉበትና ያ የታወቀ መልክ። አባትዎ የመጀመሪያውን ያሟላሉ፤ ዕጢያቸው ሁለተኛውን አያሟላም። ሄፓታይተስ ቢ መኖሩ ብቻውን ለዕጢው ስም አይሰጠውም። እንዲያውም ቢ ቫይረስ የሐሞት ቱቦ ካንሰር የመያዝ ዕድልንም ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የሐሞት ቱቦ ካንሰር ወይም ኮላንጂዮካርሲኖማ በጉበት ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የሐሞት መውረጃዎች የሚነሣ ነው። ከጉበት ከሚነሡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል። አፈጣጠሩ ከኤችሲሲ ፈጽሞ ይለያል። ሕይወት ያላቸውና የሚባዙት ሴሎች ጠርዙ ላይ ይበዛሉ፤ መሐሉን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠባሳ የጠጠረ የክር ሥጋ ነው። በአርተሪው ጊዜ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ይደምቃል፣ መሐሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ወደ ጠባሳው የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ በ3ኛውና በ5ኛው ደቂቃ፣ ኤችሲሲ ቢሆን ኖሮ በሚጠቁርበት ሰዓት፣ የዚህ ዕጢ መሐል እየደመቀ ይመጣል። ጠባሳ ስለሚኮማተርም ከላዩ ያለውን የጉበት ሽፋን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አንዳንዴ ከዕጢው ጀርባ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች ፍሰታቸው ታግዶ ይሰፋሉ።

አሁን የአባትዎን ውጤት እንደገና ያንብቡት። ጠርዙ ቀድሞ የሚደምቅ፣ መሐሉ ቆይቶ የሚሞላ፣ ሽፋኑ የተሳበ። ሦስቱም ከኤችሲሲ ይልቅ ወደ ሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚያዘነብሉ ናቸው። ውጤቱን የጻፉት ባለሙያ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አስፍረዋል፤ ለእኔ ጥሩ ውጤት ማለት እንዲህ ያለው ነው።

«ኤም»ን በተመለከተ ስጋትዎ ገብቶኛል፤ ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ይረዳዋል። ላይራድስ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የወጣ ነው። ለጉበት ካንሰር በተጋለጡ ሰዎች ላይ የተገኘን ዕጢ ከኤልአር-1 እስከ ኤልአር-5 ይመድበዋል፤ 1 ጉዳት የሌለው ነው፣ 5 ኤችሲሲ መሆኑ የተረጋገጠ ያህል ነው። ኤልአር-ኤም ለብቻው የተቀመጠ ምድብ ነው፤ ካንሰር ነው ወይም ሊሆን ይችላል፣ ግን የኤችሲሲን መለያ አላሳየም ማለት ነው። ከሌላ አካል የመጣ ካንሰር በዚህ ምድብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ምድቡ ግን ያንን ብቻ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ትንተና ኤልአር-5 ከተባሉት ዕጢዎች 94 በመቶው ኤችሲሲ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። ኤልአር-ኤም ከተባሉት ደግሞ 93 በመቶው ካንሰር ነበሩ፤ ኤችሲሲ የሆኑት ግን 36 በመቶ ናቸው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው። በመጀመሪያው ምድብ ምስሉ ይበቃል። በሁለተኛው ግን ካንሰር መሆኑን ሊያምኑ ይችላሉ፣ ስሙን ግን በምስል ብቻ ሊያምኑ አይችሉም፤ ከሦስት አንዱ ያህል መልኩን የቀየረ ኤችሲሲ ነውና። ሁለቱንም ዓይነት ሴል በአንድነት የያዘ ድብልቅ ካንሰርም አለ፤ ከፊሉ እንደ ኤችሲሲ ይደምቅና ከፊሉ እንደ ሐሞት ቱቦ ካንሰር ይቆያል።

ከሌላ አካል የመጣ ካንሰርም በኤምአርአይ ላይ ብዙ ጊዜ ጠርዙን ያደምቃል። አንጀት፣ ጨጓራ፣ ቆሽትና በሴቶች ጡት ዋና ምንጮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሆኖ ይመጣል፣ አንድ ብቻ መሆኑ ግን አያስቀረውም። ስለዚህ አባትዎ ከሲታ ሆነው ከሆነ፣ ዓይነ ምድራቸው ተለውጦ ወይም ደም ታይቶበት ከሆነ፣ የደም ማነስ ካለባቸው፣ ለሐኪማቸው ይንገሩ። የጨጓራና የአንጀት መመልከቻ ምርመራ ሊያዝዙላቸው ይችላሉ። የሆድና የደረት ሲቲ ስካንም ቀድሞ መነሣቱ ጥሩ ነው፤ በሽታው የት ድረስ እንደሄደ ለማወቅ በማንኛውም መንገድ ያስፈልጋል።

ላም ከሚያረባ ቤት የተጻፈ ጥያቄ ሲደርሰኝ ካንሰር ያልሆኑትንም አስባለሁ። የአሜባ ወይም የባክቴሪያ መግል በጉበት ሲቋጠር ጠርዙ ይደምቃል፤ ትኩሳት፣ ላብና ሲነካ የሚያም ጎን አብሮት ይኖራል። ኤምአርአይ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ዲፊውዥን የሚባለው የምስል ክፍል የውኃን እንቅስቃሴ ያያል። መግል ወፍራም ስለሆነ እንቅስቃሴው የሚታገደው በመሐሉ ነው፤ በእንደዚህ ዓይነቱ ካንሰር ግን የሚታገደው በጠርዙ ነው። በበግና በከብት የሚያውቁት የጉበት ትል ሰውንም ይይዛል፤ በጉበቱ ዳር እንደ መሿለኪያ የተቀጣጠሉ ቁስሎችን ይተዋል፣ በደም ምርመራም ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከፍ ይላል። ከውሻ የሚመጣው የሃይዳቲድ ከረጢት ውኃ የቋጠረ ነው፣ ውስጡ ኮንትራስት አይቀበልም። ይህኛው መርፌ ከመግባቱ በፊት በእርግጠኝነት መለየት አለበት፤ ፈሳሹ ወደ ሆድ ከፈሰሰ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ባሲልም አልፎ አልፎ በጉበት ውስጥ ዕጢ የሚመስል እብጠት ይፈጥራል። የሽፋኑ መሳብና መሐሉ ቆይቶ መሙላቱ አባትዎን ከእነዚህ ያርቃቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሚያደርጋቸው ግን ናሙናው ነው።

ስለ ውዱ ኮንትራስት። ፕሪሞቪስት የሚባለውን ማለትዎ ይመስለኛል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግማሽ ያህሉን ጤናማ የጉበት ሴሎች ውጠው በሐሞት በኩል ያስወጡታል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲነሣ ጤናማው ጉበት ደምቆ፣ የጉበት ሴል የሌለበት ወይም ሴሉ የተበላሸበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ትንንሽ ዕጢዎችን ለመቁጠርና ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዚያ የሚባለውን ካንሰር ያልሆነ እብጠት ለመለየት የሚስተካከለው የለም። የእናንተ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኤችሲሲም ሆነ የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዚያ በ20ኛው ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ናቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ መድኃኒቱን ጉበቱ ገና በ2ኛው በ3ኛው ደቂቃ መዋጥ ስለሚጀምር ጉበቱ በጣም ይደምቃል፤ ያኔ የሐሞት ቱቦ ካንሰር መሐል በእውነት እየሞላ ሳለ ከደማቁ ጉበት አንጻር ጠቁሮ ይታያል። ላላስተዋለ ሰው ዋሽአውት ይመስላል፤ ዕጢውም በስሕተት ኤችሲሲ ሊባል ይችላል። ላይራድስ በዚህ ኮንትራስት ዋሽአውትን ከፖርታሉ ጊዜ በኋላ ባለው ምስል ላይ መቁጠርን የሚከለክለው ስለዚህ ነው። አባትዎ የተሰጣቸው በሴሎች መካከል ብቻ የሚቀረው ተራው ጋዶሊኒየም ከሆነ፣ የዘገየውን መሙላት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ርካሹ እዚህ ላይ ይበልጣል።

ኤምአርአይ መደገም ያለበት መጀመሪያ የተነሣው በአግባቡ ካልተነሣ ነው። ይህን ማጣራት ይችላሉ፤ ለእኔም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ይኸው ነው። «በኮንትራስት ተነሥተዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። መድኃኒቱን ሰጥተው አንዴ ብቻ ያነሡት ምስል በኮንትራስት የተነሣ ይባላል፤ የጉበት ዕጢን ዓይነት ለመለየት ግን አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት የአርተሪው፣ የፖርታሉና የዘገየው ምስል እያንዳንዱ መነሣቱ ነው። የአርተሪው ጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ናቸው፤ ቀድሞ ከተነሣ ኤችሲሲው ገና አልደመቀም፣ ከዘገየ ጉበቱ ደርሶበታል። በትክክል መነሣቱን የምናውቀው አርተሪው ደምቆ፣ ፖርታል ቬን መድመቅ ጀምሮ፣ ከጉበት የሚወጡት ደም መልሶች ግን ገና ጥቁር እንደሆኑ ሲታይ ነው። ሲዲውን የሚያይ ሌላ ራዲዮሎጂስት ይህን ወዲያው ይለየዋል። የማግኔቱ ጉልበትም ይጠየቅ፤ 1.5 ቴስላ ለጉበት በቂ ነው፣ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ክፍት ማሽኖች ግን በአንድ ትንፋሽ ልክ ጉበትን ጠቅላላ ለማንሣት ፍጥነቱ ያጥራቸዋል።

ስለ ትንፋሽ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ምስል በሽተኛው ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ትንፋሹን እንዲይዝ ይጠይቃል። የአርተሪው ምስል ከተበላሸ ያን ዕለት ሁለተኛ ዕድል የለም፤ መድኃኒቱ አልፏል። በከተማው ዙሪያ፣ በሱሉልታም በሰበታም በሰንዳፋም፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ። «ትንፋሽ ይያዙ» የሚለው ትእዛዝ ከማሽኑ ውስጥ በአማርኛ ሲመጣባቸው ግራ ይጋባሉ። አብሮ የሄደ ልጅ ከመግባታቸው በፊት ትእዛዙን በቋንቋቸው ያስጠናቸው፣ ለቴክኒሺያኑም ይንገር። አየር አስወጥቶ መያዝ ስቦ ከመያዝ ይሻላል፤ ጉበቱ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ይቆማልና። ይህን ቤት ውስጥ ጥቂት ጊዜ መለማመድ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሲዲውንም ከእጅዎ አይለዩት። እንጦጦን ተሻግራችሁ በመጣችሁ ቁጥር ወረቀቱንና ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ፊልም ላይ የሚታተመው የተመረጡ ጥቂት ምስሎች ናቸው፤ የምስሎቹን ቅደም ተከተል ማየት የሚቻለው ሙሉው ሲዲ ሲኖር ነው። ቅጂ አስደርገው አንዱን ቤት ያስቀምጡ።

ስለ ናሙናው ፍርሃት። ሰው የሚለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም፤ ኤችሲሲ በሆነ ዕጢ ላይ መርፌው ባለፈበት መንገድ ሴል የመዝራቱ ዕድል በጥናቶች ድምር 2.7 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የመድማት ስጋትም አለ። በኤልአር-5 ዕጢ ላይ ያለ በቂ ምክንያት መርፌ የማንከተው ስለዚህም ጭምር ነው። በአባትዎ ግን ሚዛኑ ወዲህ ያዘነብላል፤ ያለ ስም የሚጀመር ሕክምና የተሳሳተ መድኃኒት ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከዚያ በብዙ ይበልጣል። መርፌው በሽታውን በመላ አካል ይበትነዋል የሚለው ግን እውነት አይደለም፤ ለዘመዶችዎ ይህን በድፍረት ይንገሯቸው።

ናሙናውን ሊያስቀር የሚችል አንድ ሁኔታ አለ። ዕጢው አንድ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ጉበት ጤናማ ከሆነና ቀዶ ሕክምና የሚቻል ከሆነ፣ አንዳንድ የጉበት ቀዶ ሐኪሞች ናሙና ሳይወስዱ ዕጢውን አውጥተው ሙሉውን ለፓቶሎጂ (ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ምርመራ) መላክ ይመርጣሉ። ስለዚህ መርፌው ከመግባቱ በፊት ሲዲውን የጉበትና የሐሞት ቀዶ ሐኪም ይየው። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የሚጎዱት አባትዎ ናቸው። 4.6 ሳ.ሜ. የሆነና ብቻውን ያለ ዕጢ ለቀዶ ሐኪም ሳይቀርብ መቅረት የለበትም፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

ናሙና ከተወሰነ የደም መርጋትና የፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት) ምርመራ ይቀድማል፤ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። በአልትራሳውንድ እየታየ ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ተኝተው ይጠበቃሉ። መርፌው ሕይወት ካለው ጠርዝ መውሰድ አለበት፤ ከመሐሉ ብቻ ከተወሰደ ጠባሳ ብቻ ይወጣና «ካንሰር አልታየም» የሚል አሳሳች ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከአንድ በላይ ቁራጭ ቢወሰድ ጥሩ ነው። ፓቶሎጂስቱ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በሚባለው ልዩ ማቅለሚያ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ አርጂኔዝ-1 እና ሄፕፓር-1 ወደ ኤችሲሲ፣ ሲኬ7 እና ሲኬ19 ወደ ሐሞት ቱቦ ያመለክታሉ። ናሙናው ከመላኩ በፊት ላቦራቶሪው ይህን ምርመራ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልሠራ ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ቁራጭ፣ ወደሚሠራ ቦታ መውሰድ ይቻላል።

ኤኤፍፒው 18 መሆኑ ጉዳዩን አይቆርጠውም። በጣም ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ወደ ኤችሲሲ ያጋድል ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ግን አያስቀረውም፤ ብዙ ኤችሲሲ ኤኤፍፒን ከፍ አያደርግም። ሲኤ 19-9 የሚባለውን የደም ምርመራም ያሠሩላቸው፤ የሐሞት ፍሰት ሲታገድም ስለሚጨምር ብቻውን አይታመንም፣ ከምስሉ ጋር ሲደመር ግን ይረዳል።

ይህ ሁሉ ድካም ለስም ብቻ ቢሆን ኖሮ አባትዎን አላስለፋቸውም ነበር። የሁለቱ ካንሰሮች ሕክምና ይለያያል። ኤችሲሲ በአርተሪው በኩል በሚሰጥ መድኃኒትና ደሙን በመዝጋት፣ ትንሽ ሲሆን በማቃጠል፣ ከፍ ሲል እንደ ሶራፌኒብ ባሉ እንክብሎች ወይም በአዳዲሶቹ የበሽታ መከላከያ አነቃቂ መድኃኒቶች ይታከማል፤ የተለመደው ኬሞቴራፒ ብዙም አይነካውም። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ግን ከቀዶ ሕክምና ያለፈ ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ መሠረቱ ጀምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉት ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ይለያያል፤ በሐሞት ቱቦ ካንሰር አካባቢው ያሉት ንፍፊቶች አብረው ይወጣሉ። ከአንጀት የመጣ ቢሆን ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ነው። አንዱን በሌላው ስም ማከም ወራትን ያስበላል፤ አባትዎ ደግሞ የሚባክን ወር የላቸውም።

ማንኛውም ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የቢ ቫይረሱ መጠን ይለካ፣ እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒትም ይጀመርላቸው፤ ከጀመሩ አይቋረጥ። ኬሞ የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅስና ጉበቱን በድንገት ሊያደክም ይችላል። በዚያ አካባቢ ጠበል መሄድ የተለመደ ነው፤ ይሂዱ፣ ይጠመቁ፤ የቫይረሱን እንክብል ግን ይዘው ይሂዱ። ለጉበት ይሆናል የሚባሉ የሥራሥር መድኃኒቶችን ግን በፍጹም አይስጧቸው፤ የተጎዳ ጉበት እነሱን ማጣራት አይችልም።

ፋጉሎን የጠየቁት በከንቱ አይደለም። በእርጥበት ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖና ወተት ውስጥ መገኘቱን ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነው። አፍላቶክሲን ቢ1 ከቢ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ የኤችሲሲን አደጋ እጅግ ያበዛዋል። የአባትዎን ዕጢ ያመጣው እሱ ነው ወይ ለሚለው ግን ምስልም ናሙናም አይመልስም፤ ራስዎን አይውቀሱ። ፋጉሎውን በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ሻጋታ የያዘውን ለላም አይስጡ።

በመጨረሻ ወደ እርስዎና ወደ እናትዎ ልምጣ። ቢ ቫይረስ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድና በልጅነት በአንድ ቤት በመኖር ይተላለፋል። በሀገራችን ክትባቱ በፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው ክትባት) ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁት ሳትከተቡ የቀራችሁ ሳይሆን አይቀርም። እናትዎ፣ እርስዎና ወንድም እህቶችዎ በሙሉ ተመርመሩ። ነጻ የሆነ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ሦስት መርፌ ይወሰድ። የተገኘበት ሰው ምንም ባይሰማውም ክትትል ይጀምር፤ ሐኪሙ ካዘዘለትም በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣ። በዚያ ክትትል 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. ሆኖ የሚገኝ ዕጢ ከአባትዎ ዕጢ ይልቅ ብዙ አማራጭ አለው። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ ባለው ጊዜ ምርመራውን መጨረስ ትችላላችሁ።